ከልብ ቀዶ ጥገና በኋላ ቁስል ለምን ያመረቅዛል?

«ልቡስ ተሠርቶለት ደህና ነበር። ያስቸገረን ቁስሉ ነው።» ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አካባቢ፣ ከፋርማሲ ደጃፍ መድኃኒት ከሚጠብቁ አስታማሚዎች ጋር ቆሞ የተጫወተ ሰው ይህን መሰል ንግግር መስማቱ አይቀርም። ግራ ቢገባቸው አይፈረድባቸውም። ከባዱ ነገር ልብ ነበር። ቫልቩ ተቀየረ፣ ቀዳዳው ተደፈነ። ታዲያ ቆዳና አጥንት እንዴት አስቸገረ? አንዱ ዓይን ነው ይላል። ሌላው ሐኪሙን ይወቅሳል። ታማሚው ደግሞ «ምን በላሁ፣ ምን ነካሁ» እያለ ራሱን ይመረምራል።

ይህ ኢንፌክሽን ብዙውን ጊዜ ከአንድ ስህተት አይመጣም። ብዙ ትንንሽ ነገሮች ተደማምረው ነው የሚያመጡት። ከእነዚህ ውስጥ የማይቀየሩ አሉ፤ ዕድሜን ማንም አይመልስም። የሚቀየሩት ግን ከምናስበው በላይ ብዙ ናቸው። አብዛኞቹም የሚቀየሩት ከቀዶ ጥገናው በፊት፣ ወረፋ በሚጠበቅበት ጊዜ ነው። እኛ አገር ደግሞ ያ ጊዜ ረጅም ነው። በጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ያለው የልብ ሕሙማን ማዕከል በ2001 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። ዛሬም ግን በሺዎች የሚቆጠሩ ሕሙማን ተራ ይጠብቃሉ። ያን ጊዜ ሰው ስልክ እየጠበቀ ብቻ ሲያሳልፈው ያሳዝነኛል። ብዙ ሊሠራበት ይችል ነበርና።

ደረት እንዴት ይከፈታል፣ እንዴትስ ይዘጋል?

አብዛኛው የልብ ቀዶ ጥገና የሚሠራው በደረት መሀል ተገብቶ ነው። ቆዳው ከአንገት ሥር ወደ ታች ይከፈታል። ከዚያ የግራና የቀኝ ጎድኖችን ፊት ለፊት የሚያገናኘው የደረት አጥንት በልዩ መጋዝ ለሁለት ይከፈላል። ሥራው ሲያልቅ ሁለቱ ግማሾች በማይዝግ ሽቦ ተጠፍረው ይታሰራሉ። በአዋቂ ሰው ላይ ብዙ ጊዜ 6፣ 7 ወይም 8 ሽቦ ይገባል። ችግር ካላመጣ ዕድሜ ልክ እዚያው ይቀራል።

ሽቦው አጥንቱን አያድነውም። የሚያድነው ሰውነት ራሱ ነው። አናጢ በኮላ ያጣበቀውን ጣውላ እስኪደርቅ ድረስ በሞርሳ ጠፍሮ እንደሚያቆየው፣ ሽቦውም አጥንቱ እስኪያያዝ ድረስ ይይዘዋል። ለዚህ ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ አንዳንዴም 3 ወር ይፈጃል። በዚህ መሀል አጥንቱ ከተንቀሳቀሰ፣ ደም በበቂ ካልደረሰው ወይም ተሕዋስ ከገባበት ነገሩ ይበላሻል። ከዚህ በታች የማነሳቸው አጋላጭ ምክንያቶች በሙሉ ዞረው ዞረው ከእነዚህ ሦስቱ ወደ አንዱ ይመለሳሉ።

ኢንፌክሽኑ ራሱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ላይ ላዩን፣ ቆዳውንና ከሥሩ ያለውን ስብ ብቻ የሚነካ ነው። ይቀላል፣ ያብጣል፣ ትንሽ መግል ይይዛል። ቶሎ ከታየ ብዙ ጊዜ በቁስል እጥበትና በመድኃኒት ይድናል። ሁለተኛው አጥንቱንና ከአጥንቱ ጀርባ ልብ ያለበትን ቦታ የሚይዘው ነው። በተለያዩ አገሮች በተሠሩ ጥናቶች ይህ ከባዱ ዓይነት የሚገጥመው ከ100 ታካሚ 1 ወይም 2፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ከዚያ በላይ ሰው ነው። ከገጠመ ግን ቀላል አይደለም። ታማሚው ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ይመለሳል፣ የሞተው ሥጋና አጥንት ይጸዳል፣ በደም ሥር የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ለሳምንታት ይወስዳል። አንዳንዴ ክፍተቱን ለመሙላት የደረት ጡንቻ ተነስቶ ይዞራል። ይህ ሁሉ ተደርጎም ከ10 ታማሚ ከ1 በላይ ሊሞት ይችላል።

ይህን የምጽፈው ለማስፈራራት አይደለም። አብዛኛው ሰው ያለዚህ ችግር ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሊገጥመው የሚችለው ሰው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ ግን ይቻላል።

ስኳር

አንድ ነገር ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ስኳርን እመርጣለሁ።

በደም ውስጥ ያለ ስኳር ሲበዛ ተሕዋስን የሚዋጉት ነጭ የደም ሕዋሳት ይደክማሉ። ቁስሉ ቦታ ለመድረስ ይዘገያሉ፣ ደርሰውም በደንብ አይዋጉም። ለዓመታት የቆየ ስኳር ደግሞ ትንንሾቹን የደም ሥሮች ያበላሻል። ስለዚህ ለቁስሉ የሚደርሰው ደም ራሱ ያንሳል። ስኳር ያለበት ሰው ሁለቱም ችግር አለበት ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ስኳር የለብኝም የሚል ሰውም ከልብ ቀዶ ጥገና በኋላ ስኳሩ ሊወጣ ይችላል። ሰውነት ሲጨነቅ የሚያመነጫቸው ሆርሞኖች ስኳርን ከጉበት ይገፉታል። ስለዚህ ነርሷ አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ውስጥ በየሰዓቱ ጣት ስትወጋ «እኔ እኮ ስኳር የለብኝም» ብሎ መከራከር አያስፈልግም። አብዛኞቹ የሕክምና መመሪያዎች በእነዚያ ቀናት የደም ስኳር ከ180 እንዳያልፍ ይመክራሉ። በእጅ መርማሪው ላይ የምታዩት ቁጥር ማለት ነው።

በአሜሪካ ፖርትላንድ ከተማ የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት ይህን ጉዳይ ለብዙ ሐኪሞች ግልጽ አድርጎታል። ስኳር ላለባቸው የልብ ቀዶ ጥገና ታካሚዎች ኢንሱሊኑ ከቆዳ ሥር በመርፌ ይሰጥ በነበረበት ጊዜ ከባዱ የደረት ኢንፌክሽን 2 በመቶ ነበር። ኢንሱሊኑ በደም ሥር ሳይቋረጥ እንዲንጠባጠብ ሲደረግ ወደ 0.8 በመቶ ወረደ። ከግማሽ በላይ ቀነሰ ማለት ነው። ለውጡ የመጣው ስኳሩን በጥንቃቄ በመያዝ ነው።

ስለዚህ ተራ እየጠበቃችሁ ከሆነ «የሦስት ወር ስኳር» የሚባለውን ምርመራ ጠይቁ። የዕለቱን ስኳር በአንድ ቀን ጾም ማሳመር ይቻላል። ይህ ግን ያለፉትን ሦስት ወራት ጠቅላላ አካሄድ ያሳያል። ቀዶ ጥገናው ጊዜ የሚሰጥ ከሆነ ሐኪሞች ይህ ቁጥር ወደ 7 በመቶ አካባቢ እንዲወርድ ይፈልጋሉ። 9 ወይም 10 ሆኖ የሚገባ ሰው አደጋው ከፍ ያለ ነው። «ዶክተር፣ የሦስት ወር ስኳሬ ስንት ነው? ለቀዶ ጥገናው ይሆናል?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

አብሽ መጠጣት የለመደ ይጠጣ፤ እኔ አልቃወምም። አብሽ ጀመርኩ ብሎ ኪኒኑን ወይም ኢንሱሊኑን የሚያቆም ሰው ግን ራሱን ለአደጋ ያጋልጣል። ቀዶ ጥገናው ሲቃረብ ስኳሬን ላውርድ ብሎ ምግብ መተውም ትክክል አይደለም። የስኳር መድኃኒት እየወሰዱ መራብ ራስን ስቶ እስከ መውደቅ ያደርሳል። ቁስልም ያለ ምግብ አይድንም።

አፍንጫ፣ ቆዳና ምላጭ

ቁስሉን የሚይዘው ተሕዋስ ብዙ ጊዜ ከሩቅ አይመጣም። ከታማሚው ከራሱ ቆዳና አፍንጫ ነው የሚነሳው። ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የተባለው ባክቴሪያ ከ10 ጤነኛ ሰዎች ውስጥ በ3 ያህሉ አፍንጫ ውስጥ ምንም ሳያሳምም ይኖራል። አፍንጫ ይነካል፣ እጅ ቆዳን ይነካል፣ ቆዳ ይከፈታል። መንገዱ ይኸው ነው።

በኔዘርላንድስ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት ተሕዋሱ ያለባቸውን የሆስፒታል ታካሚዎች ለይቶ አወጣ። ከፊሎቹ ሙፒሮሲን የተባለ የአፍንጫ ቅባትና ክሎርሄክሲዲን ያለበት ሳሙና ለ5 ቀን ተጠቀሙ። በዚህ ባክቴሪያ የሚመጣው ኢንፌክሽን ባልተጠቀሙት ላይ 7.7 በመቶ፣ በተጠቀሙት ላይ 3.4 በመቶ ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅትም ተሕዋሱ ያለባቸው የልብና የደረት ቀዶ ጥገና ታካሚዎች ቅባቱን እንዲጠቀሙ ይመክራል። የምትታከሙበት ቦታ ምርመራውና ቅባቱ እንዳለ ጠይቁ። ባይኖርም ገላን በሳሙና መታጠብ በማንም እጅ ያለ ነገር ነው። ከቀዶ ጥገናው በፊት ማታና ጠዋት ይታጠቡ። ከዚያ በኋላ ቅባት፣ ቫዝሊን፣ ቅቤ አይቀቡ።

ስለ ጸጉር አንድ ነገር ልበል። አንዳንድ ታካሚ በቅን ልቦና ደረቱን ቤቱ ተላጭቶ ይመጣል። ሐኪሞቹን ያገዘ ይመስለዋል። ምላጭ ግን ዓይን የማያየው ቁርጥ ቆዳ ላይ ይተዋል። ተሕዋስም እዚያ ውስጥ ያድርና በማግስቱ ቢላው ሲያርፍ ተባዝቶ ይጠብቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ምላጭን በፍጹም አይደግፍም። ጸጉሩ የግድ መነሳት ካለበት ሆስፒታል ውስጥ በማሽን ይቆረጣል። እቤት አትላጩ።

ሌላው የሚያሳስበኝ ጉዳይ መደበቅ ነው። አንድ ሰው ለወራት ጠብቆ ተራው ደረሰ። በዚያው ሳምንት ብብቱ ላይ ብጉንጅ ወጣ፣ ወይም ጥርሱ መገለ፣ ወይም ሳል ያዘው። «ከነገርኳቸው ተራዬ ያልፋል» ብሎ ዝም ይላል። ፍርሃቱ ይገባኛል። ከክፍለ ሀገር መጥቶ ዘመድ ቤት ለተቀመጠ፣ ሥራውን ጥሎ ለመጣ ሰው ሌላ ወር መጠበቅ ቀላል አይደለም። ግን ሌላ ቦታ ያለ ኢንፌክሽን በደም ዞሮ አዲሱ ቁስል ላይ፣ ከዚያም ብሶ አዲሱ ቫልቭ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ጥርስም ለዚህ ነው አስቀድሞ መታየት ያለበት። ሽንት ሲሸኑ ማቃጠል፣ የእግር ጣት መሀል ቁስል፣ ትኩሳት፣ ሁሉም ይነገር። ሐኪሙ ብዙ ጊዜ ለጥቂት ቀናት አክሞ ይቀጥላል እንጂ ስማችሁን ከዝርዝር አይሰርዝም።

ውፍረት፣ ቅጥነትና ሌሎች

ከውጭ አገር የሚመጡ ጽሑፎችን ስታነቡ ውፍረት ከላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። እውነት ነው። ስብ ደም በደንብ አይደርሰውም። ከባድ ደረትም ሽቦውንና ስፌቱን ወደ ጎንና ወደ ታች ይጎትታል። ጡታቸው ከባድ የሆነ ሴቶች ብረት የሌለው፣ ፊት ለፊት የሚቆለፍ ደጋፊ ጡት መያዣ ቢያደርጉ ስፌቱን ያሳርፉታል። ከጡት ሥር የሚያልበው ቦታ ደረቅ ሆኖ እንዲቆይም ያስፈልጋል።

እኛ ጋ ግን የሌላኛውም ጫፍ ሰው ብዙ ነው። ብዙዎቹ ታካሚዎች በልጅነታቸው የጉሮሮ ኢንፌክሽን ካመጣው የቁርጥማት በሽታ ተነስተው ቫልቫቸው የተጎዳ ወጣቶች ናቸው። ሲወለዱ ጀምሮ ልባቸው ላይ ችግር ያለባቸው ሕፃናትም አሉ። የደከመ ልብ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ሰውነትንም ያከሳል። ሰውየው ቀዶ ጥገናው ደጃፍ ሲደርስ አጥንትና ቆዳ ሊሆን ይችላል። እግሩ ውኃ ሲቋጥር ደግሞ ክብደቱ ደህና ይመስላል፤ አያታልላችሁ። ቁስል የሚጠገነው በፕሮቲን ነው። ፕሮቲን ያነሰው ሰው ቁስሉ ቀስ ይላል፣ መከላከያውም ይደክማል።

በጾም ጊዜ ይህ ጥያቄ ይበረታል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ሐኪሙ የሚፈልገው ፕሮቲን ነውና ከንስሐ አባት ጋር በግልጽ ተነጋገሩ፤ ለበሽተኛ የሚሰጡት ፈቃድ አለ። መጾም የሚፈልግም ቢሆን ሽሮው፣ ምስሩ፣ ባቄላው፣ ሽምብራው መጠኑ ይጨምር። የሚፈስክ ሰው እንቁላልና ወተት ያግኝ። በቀን ሁለቴ ብዙ ከመብላት ቶሎ ቶሎ ትንሽ ትንሽ መብላት ለደከመ ልብም ይቀላል። ጨው ስለመቀነስና ፈሳሽ ስለመመጠን ሐኪሙ ያለውን ግን አትተላለፉ።

ሲጋራ ሌላው ከባድ ነገር ነው። የደም ሥርን ያጠባል፣ ለቁስሉ የሚደርሰውን ኦክሲጅን ይቀንሳል፣ ሳል ያመጣል። እያንዳንዱ ኃይለኛ ሳል ደግሞ የታሰረውን አጥንት ይገፈትራል። ቢያንስ 4 ሳምንት አስቀድሞ መተው የሚመከረው ለዚህ ነው። ሺሻም ያው ነው። ጫት የምግብ ፍላጎትና እንቅልፍ ስለሚወስድ፣ ልብንም ስለሚያስሮጥ፣ በዚህ ጊዜ ቢቀር ይሻላል።

ዕድሜ መግፋት፣ የኩላሊት ድካም፣ የቆየ የሳንባ በሽታ፣ ከዚህ በፊት ደረት ተከፍቶ ማወቁ፣ በአስቸኳይ መሠራቱ፣ እነዚህም አደጋውን ይጨምራሉ። በአብዛኛው በእጃችን ስላልሆኑ አልዘገይባቸውም። ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን የመሰሉ መድኃኒቶች ግን ይነገሩ። ለአስምም ይሁን ለመገጣጠሚያ ሕመም፣ ለመወፈር ተብሎም የተወሰደ ይሁን፣ ሐኪሙ ማወቅ አለበት። የሰውነትን መከላከያ ያዳክማሉ፤ ለረጅም ጊዜ የወሰዳቸው ሰው በድንገት ማቆሙም አደጋ አለው። ደም የሚያቀጥኑ መድኃኒቶችም ይነገሩ። ብዙ ደም የፈሰሰው ታካሚ ደረቱ እንደገና ሊከፈት፣ ብዙ ደም ሊለገስለት ይችላል። ሁለቱም የኢንፌክሽንን ዕድል ይጨምራሉ።

በሩ ከተዘጋ በኋላ

ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ የሚሆነው የእናንተ ሥራ አይደለም። ግን ማወቁ አይከፋም። አንቲባዮቲኩ መሰጠት ያለበት ቆዳ ከመከፈቱ በፊት ባለው 60 ደቂቃ ውስጥ ነው። በብዙ አገር የተለመደው ሴፋዞሊን የተባለው ነው፤ ቀዶ ጥገናው 4 ሰዓት ካለፈም ይደገማል። ከ48 ሰዓት በላይ ማስረዘም ጥቅም አይጨምርም። መድኃኒት የለመደ ተሕዋስ ያፈራል እንጂ። ስለዚህ «ለምን አቆሙበት?» ብላችሁ አትደንግጡ።

የልብ ደም ሥር መቀጠል (ባይፓስ) የሚደረግላቸው ታካሚዎች ላይ አንድ የተለየ ጉዳይ አለ። ሐኪሙ ከደረት ግድግዳ ውስጥ ያለን የደም ሥር ወስዶ ለልብ ይቀጥላል። ይህ የደም ሥር ግን የደረት አጥንቱን ራሱን የሚመግብ ነው። በግራም በቀኝም ያሉት ሁለቱም ከተወሰዱ አጥንቱ ደም ያንሰዋል። 3,102 ታካሚዎች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት የደረት ቁስል ችግር አንዱ ብቻ በተወሰደባቸው 1.9 በመቶ፣ ሁለቱም በተወሰደባቸው 3.5 በመቶ መሆኑን አሳይቷል። ለዚህ ነው ሐኪሞች ስኳር ያለበትና ወፍራም በሆነ ሰው ላይ ሁለቱንም ለመውሰድ የሚያመነቱት። ከእግር የደም ሥር ሲወሰድ ደግሞ የእግሩም ቁስል መታየት አለበት። ሰው ሁሉ ደረቱን ሲያይ እግሩ ይረሳል። እብጠቱ እንዲቀንስ እግርን ከፍ አድርጎ መቀመጥ ይረዳል።

አይሲዩ ውስጥ በመተንፈሻ ማሽን ረጅም ቀን መቆየትም አደጋውን ይጨምራል። ፊዚዮቴራፒስቱ «ተንፍስ፣ ተነስ፣ ተቀመጥ» እያለ የሚያስጨንቀው ለዚህ ነው። ታማሚው ያመዋል፤ እናንተ አስታማሚዎች ግን ከፊዚዮቴራፒስቱ ጋር ወግኑ።

ቤት ሲገቡ

አብዛኛው ሰው ቁስሉ የሚያመረቅዘው ሆስፒታል ሳለ ይመስለዋል። ብዙው የሚታየው ግን ቤት ከገቡ በኋላ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት አካባቢ ነው። ያኔ ነርስ የለም። ያሉት እናት፣ እህት፣ ሚስት ናቸው።

ከሁሉ በፊት ክብደት። ለ6 እስከ 8 ሳምንት ከ5 ኪሎ በላይ አይነሳም። ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ውኃ ሲሞላ 5 ኪሎ ነው። ባለ 20ው እንኳን ሊነሳ ሊታሰብም አይገባም። ሚኒባስ ታክሲ ላይ በሩን ይዞ ራስን መጎተት፣ ረዳቱ ክንድ ይዞ «ቶሎ ግባ» እያለ ሲያስገባ፣ ደረቱ ላይ የሚያርፈው ኃይል ብዙ ነው። ከተቻለ ለመጀመሪያዎቹ ቀጠሮዎች ላዳ ወይም የሰው መኪና ፈልጉ። ካልተቻለ ረዳቱን «ኦፕራሲዮን ነው፣ አትንካው» በሉት፤ ይረዳችኋል።

ሰላምታችንም አለ። ትከሻ ለትከሻ መግጨትና እቅፍ አድርጎ መሳም ፍቅር ነው፤ ለዚህ ደረት ግን ይቆይ። ሲስል ታማሚው ትራስ ወይም የተጠቀለለ ጋቢ ደረቱ ላይ ጥብቅ አድርጎ ይያዝ። ከአልጋ ሲነሳ በጎኑ ዞሮ፣ እግሩን አውርዶ፣ ሌላው ከጀርባው ደግፎት ይነሳ እንጂ በእጁ ተመርኩዞ ወይም ተጎትቶ አይነሳ። ሕፃን ከሆነ ደግሞ ብብቱን ይዛችሁ አታንሱት። አንድ እጅ ከአንገቱ፣ አንድ እጅ ከመቀመጫው ሥር ገብቶ ይታቀፍ።

ጠያቂ መምጣቱ አይቀርም። መጥተውም ደስ ይላል። በር ላይ ሳኒታይዘር ወይም የእጅ ውኃ ይቀመጥ። ጉንፋን የያዘው በስልክ ይጠይቅ። አልጋው ላይ መቀመጥ ይቅር። ቡና ይፈላ፤ ከሰሉና ዕጣኑ ግን ታማሚው ካለበት ክፍል ራቅ ይበል፤ ጭሱ ያስለዋል።

ቁስሉ ላይ ማር፣ ቅቤ፣ ፌጦ፣ ዳማከሴ አይደረግም። ሲፈቀድ በሳሙናና በንጹሕ ውኃ ሳይፈተግ ይታጠባል፣ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅጥቆ ይደርቃል። ጸበል መጠመቅ የሚፈልግ ቁስሉ ሙሉ በሙሉ እስኪዘጋ ቢታገስ መልካም ነው። ቁስሉን የሚነካ ሰው ሁሉ እጁን ይታጠብ፤ ታማሚውም ራሱ ጭምር።

መቼ ነው የሚኬደው?

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ጠራ ያለ ወይም ሮዝ ፈሳሽ ፋሻውን ቢነካው አትደንግጡ። ሕመሙም ከቀን ወደ ቀን እየቀነሰ መሄድ አለበት። ከቀነሰ በኋላ እንደገና ከጨመረ ግን ትኩረት ይፈልጋል። ቅላቱ እየሰፋ ከሄደ፣ መግል ወይም ሽታ ካለ፣ ስፌቱ ከተከፈተ፣ ትኩሳቱ 38 ከደረሰ፣ ብርድ ብርድ ካለው ሳታድሩ ሂዱ። ስኳር ያለበት ሰው ስኳሩ ያለ ምክንያት ወጥቶ አልወርድ ካለ እሱም ምልክት ነው።

አንድ ምልክት ደግሞ በጆሮና በእጅ የሚታወቅ ነው። ታማሚው ሲስል ወይም ሲገላበጥ ደረቱ ውስጥ ቀጭ ቀጭ የሚል ነገር ይሰማዋል። እጅ ሲደረግበትም አጥንቱ ሲንቀሳቀስ ይታወቃል። ይህ ሽቦው መላላቱን ሊያሳይ ይችላል። ቆዳው ላይ ምንም ሳይታይም ሊመጣ ይችላል። «ቆዳው እኮ ደርቋል» ብላችሁ አትቆዩ።

በዚህ ጊዜ ሰፈር ፋርማሲ ገብቶ አሞክሳሲሊን መግዛት ብዙ ሰው የሚያደርገው ነገር ነው። እባካችሁ አታድርጉት። ቅላቱን ለሁለት ሦስት ቀን ያደበዝዘዋል፤ ከሥር ያለው ግን ይቀጥላል። ሆስፒታል ስትደርሱም መግሉ ተወስዶ ሲመረመር ተሕዋሱ ላይበቅል ይችላል፤ ሐኪሙም የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ ማወቅ ይቸግረዋል። መጀመሪያ ናሙናው ይወሰድ፣ መድኃኒቱ ከዚያ ይጀመር።

የምትሄዱት ቀዶ ጥገናው ወደተሠራበት ቦታ ነው። ከሩቅ ከሆናችሁ ወይም ሌሊት ከሆነ ቅርብ ያለው ድንገተኛ ክፍል ግቡ። በር ላይ የመጀመሪያው ቃላችሁ «የልብ ቀዶ ጥገና ተደርጎለታል» ይሁን፤ ቀኑንና ሰው ሠራሽ ቫልቭ መኖር አለመኖሩን ጨምሩ። ከሆስፒታል ሲወጣ የተሰጠው ወረቀት፣ የመድኃኒቶቹ ዝርዝርና የስኳር መመዝገቢያ ደብተሩ በአንድ ፌስታል ውስጥ ከካርዱ ጋር ይቀመጡ። ፌስታሉ የት እንዳለ ከቤት ሁለት ሰው ይወቅ። ቢያንስ ለሦስት ወር ከዚያ ቦታ አይነሳ።